ማትያስ ካስትሬንና የኮት ቋንቋ

በሳይቤሪያ የኒሴይ በተባለው ታላቅ ወንዝ አካባቢ ይነገሩ የነበሩ ጥቂት ተዛማጅ ቋንቋዎች በወንዙ ስም የኒሴያዊ ተብለው ይጠራሉ። ከእነርሱ ዛሬ ተናጋሪ ያለው ኬት ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በጥቂት አዛውንቶች አፍ ቀርቷል። እኅቱ ኮት ፈጽሞ ጠፍቷል፤ ሆኖም ሰዋስዉ ይታወቃል። ይህም የአንድ ፊንላንዳዊ ምሁር የድካም ፍሬ ነው።

ማትያስ ካስትሬን በሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ተልኮ እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1849 በሳይቤሪያ ሲዘዋወር ያገኛቸው የኮት ተናጋሪዎች አምስት ብቻ ነበሩ። ከእነርሱም ቃላት ለቅሞ ብቻ አልተመለሰም፤ ግሡ እንዴት እንደሚረባ፣ ስሙም በብዙ ቁጥር ሲነገር እንዴት እንደሚለወጥ ጭምር መዘገበ። መምህራን እንደሚያውቁት፣ የቃላት ዝርዝር ብቻውን ቋንቋ አይሆንም። አሪንና ፑምፖኮል ከተባሉት ሌሎች እኅት ቋንቋዎች በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈልን ግን ከዚህ እምብዛም አያልፍም።

ውኃ በኬትም በኮትም «ኡል» ነው። ድንጋይ ግን በኬት «ትስ»፣ በኮት «ሺሽ» ይባላል። የዝምድናቸው ሕግ የሚመረመረው ይህን በመሰለ ንጽጽር ነው።

ካስትሬን በ1852 ገና በ38 ዓመቱ ሲሞት የሁለቱ ቋንቋዎች ሰዋስው አልታተመም ነበር። አንቶን ሺፍነር አሰናድቶ በ1858 ለኅትመት አበቃው።