ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር በአየር

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚያቀና መንገደኛ በምድር የሄደ እንደ ሆነ የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ በሩቁ እየተከተለ፥ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ፥ ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፎ፥ የደጋውን ጠመዝማዛ ወጥቶና ወርዶ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአየር የሄደ እንደ ሆነ ግን ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አዘዞው ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ርቀት 102 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብራሪዎች ርቀትን የሚሰፍሩት 1,852 ሜትር በሆነው በኖቲካል ማይል ስለ ሆነ በእነርሱ ቋንቋ 55 ማይል ይባላል።

ይህን ሁሉ ልዩነት ያመጣው ሐይቁ ነው። ሁለቱን ማረፊያዎች የሚያገናኘው ቀጥተኛ መስመር የጣናን ውኃ ከደቡብ ወደ ሰሜን በቁመቱ ስለሚሰነጥቀው፥ ሰማዩ የጠራ በሆነ ጊዜ በግራ መስኮት የተቀመጠ ተሳፋሪ የደቅን ደሴት፥ በአጠገቡም የዳጋ እስጢፋኖስን ደሴት ይመለከታል። በዚህ ጥንታዊ ገዳም የዐፄ ይኩኖ አምላክ፥ የዐፄ ዳዊትና የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አፅም ተጠብቆ ይኖራል፤ ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት ዐፄ ፋሲልም ያረፉት በከተማቸው ሳይሆን በዚሁ ደሴት ነው። ከአገራችን የአየር መንገዶች ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ይህን ያህል ታሪክ የሚያሳይ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ጉዞው ወደሚወስደው ጊዜ ስንመጣ፥ ዛሬ በአገር ውስጥ በረራ የሚያገለግለው ቦምባርዲየር ኪው 400 በሙሉ ፍጥነቱ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያህል የሚከንፍ በመሆኑ፥ ነገሩ በማካፈል ብቻ የሚፈታ ቢሆን ኖሮ ጎዳናው 10 ደቂቃ እንኳ ባልፈጀ ነበር። በእውነቱ ግን በአየር ላይ የሚያልፈው ጊዜ ወደ 20 ደቂቃ ይጠጋል። አውሮፕላን የሚነሣውም የሚያርፈውም ፊቱን ወደ ነፋስ አዙሮ ነውና፥ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ሲነፍስ ለጎንደር ጀርባውን ሰጥቶ ከተነሣ በኋላ ዞሮ ወደ ሰሜን መመለስ ግድ ይሆንበታል፤ ቀጥሎም ከፍታ ለመያዝ ሲወጣ ፍጥነቱ ገና ሙሉ አይደለም፤ ከፍታውን ይዞ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ለማረፍ ፍጥነቱን እየቀነሰ መውረድ ይጀምራል። ሁለቱም ማረፊያዎች ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙና አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ከመሬት ለመነሣት የሚያስፈልገው ሩጫም በቆላ ካለው ይረዝማል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የነበሩት ዳኮታ የተባሉት አውሮፕላኖች ፍጥነታቸው በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ የማይሞላ ነበር። ፍጥነት ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ አደገ፤ በእንዲህ ያለ አጭር ጎዳና ግን ለመንገደኛው ያተረፈለት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ መነሣትና ማረፍ የሚወስዱትን ጊዜ ሞተር ብርቱ ስለ ሆነ ብቻ ማስቀረት አይቻልምና። የፍጥነት በረከት በሙላት የሚገለጠው እንደ ካይሮ ባለው ረጅም ጉዞ ነው።

በቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓትም አውሮፕላኑ ከቆመበት ስፍራ ከተንቀሳቀሰበት ጀምሮ በሌላው ማረፊያ እስኪቆም ያለውን ሁሉ የሚያጠቃልል በመሆኑ ከእውነተኛው በረራ ይበልጣልና፥ አንባቢ ሆይ፥ ተቀባይ ዘመድህን በዚያው ሰዓት ቅጠረው።