በአንድ ድርጅት ውስጥ ወደ ውጭ አገር ቢሮ በቋሚነት መዛወር፡ ሠራተኛው ከመፈረሙ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በኢትዮጵያ የሚሠሩ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎችና በውጭ አገር ቅርንጫፍ ወይም እኅት ኩባንያ ያላቸው አገር በቀል ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ከአገር ውጭ ወዳለ ቢሮ በቋሚነት የሚያዛውሩበት ጊዜ አለ። የድርጅቱ ስምና የሥራ መደቡ ስለማይለወጡ ብዙ ሠራተኞች ጉዳዩን ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ እንደሚደረግ የተለመደ ዝውውር ይመለከቱታል። በሕግ ረገድ ግን ቋሚ ዝውውር በአብዛኛው የአንድ የሥራ ውል ፍጻሜና የሌላ ውል ጅማሬ ነው። ስለሆነም በኢትዮጵያ የተጠራቀሙ መብቶች ዕጣ ፈንታ ከጉዞ በፊት በጽሑፍ መወሰን ይኖርበታል።

ጊዜያዊ ምደባና ቋሚ ዝውውር

በጊዜያዊ ምደባ ሠራተኛው ከኢትዮጵያው አሠሪ ጋር ያለው ውል እንደጸና ይቆያል፤ ጊዜው ሲያበቃም ወደ መደቡ ይመለሳል። በቋሚ ዝውውር ግን ብዙውን ጊዜ ከተቀባዩ ቢሮ ጋር አዲስ ውል ይፈረማል። ተቀባዩ ቢሮ የዚያው ድርጅት ቅርንጫፍ ከሆነ አሠሪው አንድ ሕጋዊ ሰው ነው። እኅት ኩባንያ ከሆነ ግን የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ሌላ አሠሪ ነው። በመሆኑም ሠራተኛው በመጀመሪያ ሊያጣራ የሚገባው ውሉን የሚፈርመው የትኛው አካል እንደሆነ ነው።

የአገልግሎት ዘመንና ክፍያዎች

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በተዋዋዮቹ ስምምነት ሊቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል። ስምምነቱ በሠራተኛው ላይ የሚጸናው በጽሑፍ ሲደረግ ብቻ ነው። ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት የሚተውበት ስምምነትም ሕጋዊ ውጤት የለውም። ስለሆነም "በዝውውሩ ምክንያት ምንም ዓይነት ክፍያ አልጠይቅም" የሚል ሰነድ የቀረበለት ሠራተኛ ይህን ድንጋጌ ሊያስታውስ ይገባል።

በራሱ ፈቃድ ሥራውን የሚለቅ ሠራተኛ ቢያንስ 5 ዓመት ያገለገለና ሥልጠናን የሚመለከት የውል ግዴታ የሌለበት ከሆነ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት በመጨረሻው ሳምንት የነበረው አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ይሰላል። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ አንድ ሦስተኛ ይታከላል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሊበልጥ አይችልም። ለምሳሌ አማካይ የቀን ደመወዙ 1,000 ብር የሆነና 8 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት 30,000 ብር፣ ለቀሪዎቹ 7 ዓመታት 70,000 ብር፣ በድምሩ 100,000 ብር ይታሰብለታል። ያልተጠቀመበት የዓመት ዕረፍትም በገንዘብ ተለውጦ ይከፈለዋል።

ውሉ ሲቋረጥ ተገቢው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ከውል መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወራት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። "ሂሳቡ በኋላ ይስተካከላል" በሚል ቃል ብቻ ተማምኖ የሚጓዝ ሠራተኛ በአዲሱ አገር ገና ሳይደላደል መብቱ ሊያልፍበት ይችላል።

አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። ወደ ውጭ ከሚዛወሩት መካከል የሥራ ኃላፊዎች ስለሚገኙ፣ እነዚህ ሠራተኞች መብታቸውን በዋናነት በውላቸው ላይ በግልጽ ማስፈር ይጠበቅባቸዋል።

ጡረታና ግብር

የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ሠራተኛው ከመሄዱ በፊት መዋጮው በሙሉ ገቢ መደረጉንና የአገልግሎት ዘመኑ በትክክል መመዝገቡን ቢያረጋግጥ ይመከራል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት መደበኛ መኖሪያው በኢትዮጵያ የሆነ ወይም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ183 ቀናት በላይ በኢትዮጵያ የቆየ ሰው እንደ ነዋሪ ይቆጠራል። ነዋሪ ከውጭ ያገኘው ገቢም ግብር የሚመለከተው በመሆኑ የሚነሳበት ቀን በማስረጃ መያዝ አለበት።

የመድረሻው አገር ፈቃድ

ድርጅቱ ዝውውሩን "ቋሚ" ማለቱ የመኖሪያ ፈቃዱን ቋሚ አያደርገውም። በአሜሪካ ለድርጅት ውስጥ ዝውውር የሚሰጠው ኤል-1 ቪዛ ለሥራ መሪዎች እስከ 7 ዓመት፣ ልዩ ዕውቀት ላላቸው ባለሙያዎች እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። አመልካቹ ካለፉት 3 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመት ያለማቋረጥ በድርጅቱ ከአሜሪካ ውጭ የሠራ መሆን አለበት። በአውሮፓ ኅብረት የድርጅት ውስጥ ዝውውር መመሪያ መሠረት ደግሞ የቆይታው ጣሪያ ለሥራ መሪዎችና ለልዩ ባለሙያዎች 3 ዓመት፣ ለሠልጣኞች 1 ዓመት ነው። እንዲህ ያለው ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሥራው ሲቋረጥ የመኖር መብቱም አብሮ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ከጉዞ በፊት በጽሑፍ ሊያዙ የሚገባቸው

• ውሉን የሚፈርመው አካል ሕጋዊ ስምና ውሉ የሚተዳደርበት አገር ሕግ፤
• የቀድሞው አገልግሎት በአዲሱ ውል የሚቀጥል ወይም ሂሳቡ ተከፍሎ የሚዘጋ ስለመሆኑ፤
• የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃ፤ አሠሪው ይህን ያለክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት፤
• የቪዛ፣ የቤተሰብ ማጓጓዣና ሥራው ቢቋረጥ ወደ አገር የመመለሻ ወጪ በማን እንደሚሸፈን፤
• ከድርጅቱ የተወሰደ ብድር ካለ የአከፋፈሉ ሁኔታ፤
• በኢትዮጵያ የሚቀሩ ጉዳዮችን ለሚያስፈጽም ሰው የተሰጠ፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ የጸደቀ ውክልና።

በክፍያ ወይም በውሉ አፈጻጸም አለመግባባት የተፈጠረበት ሠራተኛ ለሠራተኛ ማኅበሩ፣ በአካባቢው ለሚገኘው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አካል ወይም ለፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አቤቱታውን ማቅረብ ይችላል። አቤቱታው ከመነሳቱ በፊት ቢቀርብ ማስረጃም ምስክርም ማግኘት ይቀላል።