የሆሮ ዶሮን በላባ ቀለም መለየትና ማራባት

በዓል ሲቃረብ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ ገበያዎች ቀይ አውራ ዶሮ ገዥ ሲሻማበት፣ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ጥቁር ዶሮ ብዙ ጊዜ በአነስተኛ ዋጋ ይሸጣል። ለእርድ የሚገዛ ሰው እንደ ምርጫው ቢያደርግ ጉዳት የለውም። ለእርባታ የሚገዛ አርቢ ግን በዚሁ መመዘኛ ቢመራ የዓመት ድካሙን ሊያጣ ይችላል።

ስሙን ከሆሮ አካባቢ ያገኘው የሆሮ ዶሮ አንድ ወጥ ቀለም የለውም፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁርና ገብስማ በአንድ መንጋ ውስጥ ይገኛሉ። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ይህንን ዝርያ ለማሻሻል ባካሄደው ሥራም ወላጆች የተመረጡት በእንቁላል ብዛትና በሰውነት ክብደት ነው። በአንጻሩ ቦቫንስ ብራውንን የመሳሰሉ ድቅል እንቁላል ጣዮችም ቀይ በመሆናቸው በቀለም ብቻ ከአገር በቀሉ ለመለየት ያስቸግራሉ። የድቅል ዶሮ ልጆች የእናታቸውን ምርት እንደያዙ አይቀጥሉም፤ ዶሮዋም አልፎ አልፎ ካልሆነ በስተቀር አትታቀፍም።

የቀለም ውርስ የራሱ ሥርዓት አለው። አንዱ የነጭነት ዓይነት ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ አይገለጥም፤ በመሆኑም ከሁለት ቀይ ወላጆች ነጭ ዶሮ ቢገኝ የጎረቤትን አውራ ዶሮ መጠርጠር አያስፈልግም። አንገተ መላጣነት ግን ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ይታያል፤ እንዲህ ያለው ዶሮ ከአንገቱ በታች በፊት ለፊት የላባ ቁንጮ ይቀርለታል። ሁለት ባለ ቁንጮዎች ሲዳቀሉ ከአራት ጫጩቶች በአማካይ አንዱ አንገቱ ፈጽሞ የተራቆተ፣ ሁለቱ ባለ ቁንጮ፣ አንዱ ደግሞ ባለ ሙሉ ላባ ይሆናሉ። የጫጩት ለስላሳ ጠጉር የአዋቂውን ቀለም ሁልጊዜ ስለማያሳይ ላባው እስኪተካ መታገሥ ይገባል።

የጫጩቶቹን አባት በእርግጠኝነት ለማወቅ የሚፈልግ አርቢ፣ ዶሮዋ የቀድሞውን አውራ ዶሮ ዘር ከሁለት ሳምንት በላይ በአካሏ ልታቆይ እንደምትችል መገንዘብ ይኖርበታል። ስለሆነም ለሦስት ሳምንት ያህል ለይቶ ማቆየት፣ ከዚያም ከተመረጠው አውራ ዶሮ ጋር ማገናኘት ይመከራል። ለአሥር እናት ዶሮዎች አንድ አውራ ዶሮ ይበቃል፤ ከገዛ ልጆቹ ጋር እንዳይዳቀልም ልጆቹ ለእንቁላል ሳይደርሱ ሊቀየር ይገባል። ለመታቀፊያ የሚቀመጥ እንቁላል በቀዝቃዛ ሥፍራ ከሰባት ቀን ባይበልጥ ይመረጣል፤ ጫጩት የሚፈለፈለውም በ21 ቀን ነው።

ከገበያ የመጣ ዶሮ ፈንግል ይዞ ሊገባ ስለሚችል፣ ከመንጋው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ተለይቶ ይቆይ። ስለ ክትባቱ በአቅራቢያ የሚገኘውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማነጋገር ይቻላል።