የጭፈራ ልብስ ከኪራይ ቤት አይጀምርም፦ ተረትና እውነታ

የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን የሚከበርበት ኅዳር 29 ሲቃረብ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ በከሚሴና በዙሪያዋ ያሉ የትምህርት ቤት የባህል ክበባት ይሟሟቃሉ። ጭፈራው ይለመዳል፣ ከበሮው ይወጠራል፣ ከዚያ የልብስ ጉዳይ ይነሣል። መልሱ በየዓመቱ ያው ነው፦ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ እንከራይ፣ ያ በቴሌቪዥን የሚታየው ይምጣ። ከብዙ የተሳሳቱ እምነቶች መካከል ተማሪዎችን ሲጎዳ ደጋግሜ ያየሁት ይህኛው ነውና ቅድሚያውን ለእርሱ እሰጣለሁ።

ተረት፦ የኦሮሞ የጭፈራ ልብስ አንድ ነው፤ ነጭ ጨርቅ፣ ቆዳና ዛጎል

እምነቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የአገራችን ጭፈራዎች ከሠርግ ቤትና ከሜዳ ወደ መድረክ ወጡ። በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች በየክፍለ ሀገሩ ተስፋፉ፤ በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ጉዞ የብዙ ሕዝቦችን ዘፈንና ውዝዋዜ ይዞ ባሕር ተሻገረ። እንዲህ ባለ ዝግጅት ተወዛዋዡ ከአንዱ ጭፈራ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚገባው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ከኋላ ወንበር ያለው ተመልካች ደግሞ ገና ልብሱን ሲያይ ጭፈራው የየት እንደሆነ መለየት አለበት። ስለዚህ ልብስ አዘጋጁ ከሰፊው አገር አንድ ሁለት ጎላ ያሉ ምልክቶች ይመርጣል። ለመድረክ ሥራ ይህ ተገቢ ነው፤ እኔም ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው።

ጥፋቱ የሚጀምረው ለመድረክ የተመረጠው ምልክት የሕዝቡ ሁሉ ልብስ ነው ተብሎ ሲታመን ነው። በዛጎልና በጨሌ የተዋበው የቆዳ ልብስ የአርሲና የቦረና ሴቶች ውርስ ነው፤ በአገሩ ክብር አለው። የከሚሴ ሰው ግን የሚኖረው ሌላ አየርና ሌላ ጉርብትና ውስጥ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ግድም ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። በምሥራቅ በኩል አፋር አለ፣ በምዕራብ ደጋው የአማራ ገበሬ አለ፣ እዚያው ደዋ ጨፋ ወረዳ ውስጥ በሾንኬ ተራራ ላይ አርጎባ አለ። ወንዱ የሚያሸርጠው ሽርጥ፣ ሴቷ ራሷን የምትሸፍንበት ጨርቅ፣ በአንገት የሚውለው ዶቃና ድሪ ከዚህ አየርና ከዚህ ጉርብትና ጋር አብሮ የኖረ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ450 ሺህ በላይ ሰው የተቆጠረበት ዞን የራሱን ቀን በሌላ አካባቢ ልብስ የሚያከብርበት ምክንያት አይታየኝም።

ጉዳቱን በዓይኔ ያየሁት በልጆቹ ላይ ነው። አንዲት ተማሪ የአያቷን ቀሚስ ለክታ፣ አሮጌ አንሶላ ላይ ሞክራ፣ ለጓደኞቿ የሚሆን ልብስ ነድፋ ታመጣለች። ሥራዋ ሳይታይ «ይህ ባህል አይመስልም፣ ተመልካች አያውቀውም» ይባላል። ልጅቷ ከዚያ የምትወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ቤቷ ያለው ባህል አይደለም፤ ባህል የሚመጣው ከከተማ በሻንጣ ነው። ክበቡም በየዓመቱ ለኪራይ ያወጣው ገንዘብ አንዲት ሜትር ጨርቅ እንኳ በእጁ ሳያስቀር ያልፋል፤ ለቀጣዩ ክፍል የሚተላለፍ ልብስም፣ ቅድ የተማረ ልጅም የለም። ይህን ምክር የሚሰጡ አዋቂዎች አንድም ቀን ባቲ ገበያ ቆመው ሴቶቹ ምን እንደሚለብሱ ሳይመለከቱ ስለ ባህል መፍረዳቸው ያናድደኛል። ባህሉ ያለው እዚሁ ቅርብ ነው።

ሰኞ ባቲ፣ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ይቆማል። የባቲው የቆላውን ከብትና ጨው ከደጋው እህል ጋር ሲያገናኝ የኖረ፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት ገበያ ነው። ልብስ መንደፍ ለሚፈልግ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ከእናት ወይም ከአክስት ጋር መሄድ፣ ፎቶ ከማንሣት በፊት ማስፈቀድ፣ ከዚያ አምስት ነገር መጠየቅ ይበቃል፦ ይህ ልብስ መቼ ይለበሳል? ያገባችውና ያላገባችው በምን ይለያሉ? ጨርቁ ከየት ይመጣል? ማን ይሰፋዋል? ሲጨፈር ምን ይወልቃል፣ ምንስ ይታሠራል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። የጭፈራ ልብስ የሚለካው ሰው ቆሞ ፎቶ ሲነሣ በማማሩ ሳይሆን ሲጨፈርበት ሥራውን በመሥራቱ ነውና።

አንድ ነገር ላይ ግን ልቤ ገና አልቆረጠም። የቡድኑ አባላት በሙሉ አንድ ዓይነት ቢለብሱ ይሻላል ወይስ ሠርግ ላይ እንደምናየው እያንዳንዷ የቤቷን ብትለብስ? የመጀመሪያው እንቅስቃሴውን አንድ ያደርጋል፣ ለዓይንም ይጠራል። ሁለተኛው ለእውነቱ ይቀርባል። ቅዱን አንድ አድርጎ ቀለሙንና ጌጡን ለልጆቹ መተው መካከለኛ መንገድ ይመስለኛል፤ የተሻለ ሐሳብ ያለው ቢመጣ እሰማለሁ።

ተረት፦ ልብሱ ሰፋ ካለ ለጭፈራ ይመቻል

ለወገብና ለቀሚሱ ዘርፍ እውነት ነው፤ ለእግር መዘርጊያ ስፋት ያስፈልጋል። ለትከሻና ለክንድ ግን ተቃራኒው ነው። የእጅጌው መግጠሚያ ወደ ወገብ ዝቅ ብሎ ሲሰፋ ክንድ በተነሣ ቁጥር ልብሱ በሙሉ አብሮ ይነሣል፤ ወገብ ይጋለጣል፣ መቀነት ይፈታል። መግጠሚያው ወደ ብብት ቀረብ ብሎ ሲቀደድ ክንዱ ለብቻው ይንቀሳቀሳል፣ ልብሱ በቦታው ይቀመጣል። የወሎ ጭፈራ የትከሻና የአንገት ጭፈራ ስለሆነ ይህ ልዩነት ወዲያው ይታያል፤ ጨርቁ ትከሻ ላይ ከተንዘላዘለ እስክስታው ይዋጣል።

መላው ቀላል ነው። ከብብት ሥር በአራት ማዕዘን የተቆረጠ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ጨርቅ ማዕዘኑን ወደ እጅጌው አዙሮ መስፋት ነው። ልብሱ ሰፊ ሳይሆን ክንድ እስከ ላይ ይወጣል፣ ስፌቱም አይተረተርም። ከዚያ ጨፋሪዋ ልኬቱን ቆማ ብቻ ሳይሆን ክንዷን አንሥታ፣ ቁጢጥ ብላ፣ ዘላ ደግማ ትለካ።

ተረት፦ በእጅ ያልተሸመነ ጨርቅ ባህላዊ አይባልም

የሸማኔ ሥራ ክብር ይገባዋል፤ አቅም ያለው ክበብ ከሸማኔ ይግዛ። ነገር ግን ሽርጥ ራሱ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ሲመላለስ የኖረ ልብስ ነው፤ አቡጀዲም የፋብሪካ ጨርቅ ሆኖ ሳለ አያቶቻችን ለብሰውታል። ለጨፋሪ ዋናው ጥያቄ ጨርቁ ጥጥ ነው ወይስ ፖሊስተር የሚለው ነው። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፤ ፖሊስተር ላቡን ሰውነት ላይ ይተወዋል። በከሚሴ ፀሐይ ሥር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ሻጩ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ካለ ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዞ ማቃጠል ነው፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ጠጣር ፍሬ ይሠራል። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ ከመቀደዱ በፊት ይታጠብ።

ተረት፦ 1780 የሚል ማርትሬዛ ያለበት ድሪ የዚያ ዘመን ነው

አይደለም። በብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላም ብሩ በዚያው ዓመት ቁጥር ሲመታ ኖሯል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ዕድሜውን አይናገርም። ያም ሆኖ የአያትን ድሪ ለልምምድ ማውጣት አይገባም። አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አሥር ብር የተሰካበት ድሪ ዝላይ ላይ ደረት ይመታል፣ ክሩም ይበጠሳል። ለጭፈራ ቀላል አምሳያ ይሠራ። ዛጎልም ጨሌም ልብስ ላይ ሲሰፋ እያንዳንዱ ለብቻው ይቋጠር፤ በአንድ ክር የተሰካ ጌጥ አንድ ቦታ ሲበጠስ መድረኩ ላይ ይበተናል።

ተረት፦ ራሷን የምትሸፍን ልጅ ለመድረክ አትሆንም

አብዛኛው ሰው ሙስሊም በሆነበት፣ ሴቶቹ ተሸፋፍነው ሲጨፍሩ በኖሩበት ዞን ይህ መባሉ ራሱ ያሳፍራል። የሚያስፈልገው የስፌት መላ ብቻ ነው፦ ከሥር ጠበቅ ያለ የጥጥ ቆብ፣ ጨርቁ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ከቆቡ ጋር በመርፌ የተያዘ፣ ጫፉ በማጅራት ላይ የታሠረ። ትከሻው ነጻ ይሆናል፣ መሸፈኛውም አይንሸራተትም።

ተረት፦ የስፌት መኪና የሌለውና ሥዕል የማይችል ልብስ አይነድፍም

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ባለው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ተቋም ለመማር የምታስብ ልጅ መሣል ብትለማመድ ይጠቅማታል። ለመጀመር ግን ሜትር፣ መቀስ፣ መርፌና አሮጌ አንሶላ ይበቃል። አንሶላው ላይ ቀድዶ፣ በሰፊው በእጅ ሰፍቶ፣ አስጨፍሮበት፣ የያዘውን መልቀቅ፣ የተረፈውን መቀነስ ነው። ውዱ ጨርቅ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

የክበብ ኃላፊዎች ለመጪው ኅዳር 29 ከኪራይ ገንዘቡ ግማሹን እንኳ ጨርቅ ይግዙበት፤ ቀድደው የሚሰፉት ተማሪዎች ይሁኑ፣ የሰፉት ልጆች ስምም በመድረክ ይጠራ። ልብሱ በመጀመሪያው ዓመት ጉድለት ይኖረው ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ግን ክበቡ የራሱ ልብስና የሚያርሙት ልጆች ይኖሩታል።