«ፈልጋ ነው የሄደችው»

ሮቤ ውስጥ ይህችን አባባል ሳልሰማ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ባለፈው ክረምት ከጎባ ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣች ልጅ ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። አሠሪዋ (ካፊሏ) ፓስፖርቷን ስለነጠቃት ከሳዑዲ የተመለሰችው በሊሴፓሴ፣ በጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ ነው። የግራ እጇ ጣቶች በጋለ ካውያ ተቃጥለው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ሠራተኛው ከመዝገቡ ቀና ሳይል፣ «ማን አስገደደሽ? ፈልገሽ አይደል የሄድሽው?» አላት። እጇን በሻርፗ ሸፈነችና ዝም አለች። የላካት ደላላ ዛሬም አልተከሰሰም።

መሄድ ፈልጋ ነበር፤ ማንም አይክድም። የተስማማችው ግን ሠርታ ደሞዝ ልትቀበል እንጂ ተቆልፎባት በነጻ ልታገለግል አይደለም። በ1993 ዓ.ም. የጸደቀውና አገራችን በ2004 የተቀበለችው፣ በሰው መነገድን የሚከለክለው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል ይህን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል፤ በማታለል ወይም በማስገደድ የተገኘ ፈቃድ ዋጋ የለውም። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ ለብዝበዛ መመልመሏ ብቻ ይበቃል፤ ተታለለች ወይስ ተገደደች የሚለው ጥያቄ ራሱ አይነሳም። የኛዋ ልጅ ስትሄድ 16 ዓመቷ ነበር። ፓስፖርቷ ላይ ዕድሜዋን ከፍ ያስደረገው ደላላው ነው።

በ2004 ዓ.ም. ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እየተጎተተች መኪና ውስጥ ስትገባ በቪዲዮ ያየናት ዓለም ደቻሳም ሥራ ፍለጋ ነበር የወጣችው። ከሳምንታት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። ያን ጊዜ አገር ሙሉ አለቀሰላት። በሕይወት የተመለሰችውን ግን እንመረምራታለን።

በባሕር የሚሄዱትም እንደዚሁ ናቸው። የጅቡቲዋ ኦቦክ ወይም የሶማሊያዋ ቦሳሶ ድረስ በፈቃዳቸው ይጓዙ ይሆናል። የመን ላይ አጋቾች እየገረፉ ወደ ቤተሰብ በሚያስደውሏቸው ጊዜ ግን ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። የልጃቸውን ጩኸት በስልክ ሰምተው የእርሻ መሬታቸውን ያስያዙ አባቶች አውቃለሁ። «ከፍሎ የላካት አባቷ ራሱ ነው» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። አባትየው በሬ ሸጦ መክፈሉ የሚያሳየው ምን ያህል እንደተታለለ ነው።

«ፈልጋ ነው የሄደችው» ለምትለው አባባል ይህን ያህል ዕድሜ የሰጣት ምን እንደሆነ በሥራዬ ተረድቻለሁ። ደላላው ባዳ አይደለም። ጎረቤት ነው፣ የአክስት ልጅ ነው፣ በሠርግና በለቅሶ አብሮን የሚቀመጥ ሰው ነው። እሱን ከመክሰስ እሷን መውቀስ ይቀላል። ስለዚህ ነገሩ ወደ ጃርሱማ ይሄዳል፤ ሽማግሌዎች ከገንዘቡ ጥቂት ያስመልሱና ዕርቅ ይወርዳል፤ ደላላው በማግስቱ ሌላ ልጅ ይመለምላል። ሽማግሌ ያከብረኛል፣ አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን በሰው መነገድ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ነው። በዕርቅ አይዘጋም።

ልጃችሁ ተጎድታ ከተመለሰች አትውቀሷት። የደላላውን ስልክ ቁጥር፣ የባንክና የሐዋላ ደረሰኝ፣ በኢሞ የተላከ የድምፅ መልእክት ካለ አንዱንም አትጣሉ፣ አታጥፉ። ዐቃቤ ሕግ ክስ የሚመሠርተው በእነዚህ ማስረጃዎች ነው።