ጥያቄው የተማሪው ይሁን

የሳይንስ ዐውደ ርእይ በደረሰ ቁጥር በየትምህርት ቤቱ የሚታየው ግርግር ለማናችንም እንግዳ አይደለም። አንዱ ከካርቶን አውሮፕላን ይሠራል፤ ሌላው ከጭቃ እሳተ ገሞራ ያበጃል፤ ሦስተኛው የልብን ሥዕል ከመጽሐፍ ይገለብጣል። ሥራው ለዓይን ያምራል። ነገር ግን «ይህን ስትሠራ ምን ጠየቅህ? ምንስ አገኘህ?» ሲባል መልስ ያለው ተማሪ ጥቂት ነው። የባሰም አለ። ባትሪ፣ አምፖልና ቀለም የሚገዛለት ልጅ ጠረጴዛውን ሲያደምቅ፣ የደብተር መግዣ የቸገረው ልጅ «ሳይንስ ለእኔ አይደለም» ብሎ ዳር ይቆማል። እንዲህ ብሎ አንዴ የራቀን ልጅ መመለስ ቀላል አይደለም። ነገ ክፍል የምንረከበው እኛ ነንና ተማሪን እንዴት እናስጀምረው የሚለውን ከወዲሁ ልናስብበት ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ የሳይንስ ሥራ የሚጀምረው ከዕቃ ሳይሆን ከጥያቄ መሆኑ ነው። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሊያጠኑ አድዋ ሄደው ሳለ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። በእንዶድ ማጠብ የቆየ ልማድ ነው፤ ስንቱ አይቶት አልፎ ይሆን! እሳቸው ግን «የገደላቸው እንዶዱ ይሆን?» አሉ። ከዚያም በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ሰብስበው የእንዶድ አረፋ እንዲጨመርበት አደረጉ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። የብዙ ዓመት ምርምር የተከፈተው በዚህች ትንሽ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት።

ታዲያ በክፍላችን ውስጥ ምን እናድርግ?

1ኛ. ጥያቄ እናስለቅም። እያንዳንዱ ተማሪ ለአንድ ሳምንት በቤት፣ በማሳና በመንገድ ያየውን እየጠየቀ በደብተሩ ይጻፍ። የእንስራ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ሊጥ ምድጃ አጠገብ ሲሆን ለምን ቶሎ ኩፍ ይላል? ገበሬው ዘሩን ለምን ከዐመድ ጋር ይቀላቅላል? በማንኛውም ጥያቄ መሳቅ ክልክል ይሁን፤ መምህሩም ጭምር።

2ኛ. ጥያቄውን እናጥብብ። «ባቄላ እንዴት ይበቅላል?» የሚለው ሰፊ ስለሆነ ልጁን ወደ መጽሐፍ መገልበጥ ይወስደዋል። «ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረ ባቄላ ካልተዘፈዘፈው ቀድሞ ይበቅላል ወይ?» ቢል ግን በእጁ ሊሞክረው፣ በዓይኑ ሊቆጥረው ይችላል።

3ኛ. ከሙከራው በፊት ግምቱን ከነምክንያቱ ይጻፍ። መላ ምት የምንለው ይህንኑ ነው።

4ኛ. አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ከአንድ ዓይነት ባቄላ 20 የተዘፈዘፈ፣ 20 ያልተዘፈዘፈ ተቆጥሮ፣ በሁለት ሣሕን ላይ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ አንድ ቦታ ይቀመጥ። አንዱ ፀሐይ ላይ፣ ሌላው ጥላ ሥር ከሆነ ልዩነቱን ያመጣው መዘፍዘፉ ይሁን ሙቀቱ አይለይም። ደግሞስ ለምን 20? አንዷ ፍሬ ነቀዝ የበላት ልትሆን ስለምትችል በአንዷ መፍረድ አይቻልም።

5ኛ. በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ የበቀለውን ቆጥሮ በሠንጠረዥ ይመዝግብ። ውጤቱ ከግምቱ ቢለይ እንዳያጠፋው አጥብቀን እንንገረው። ግምቱ ልክ ሆኖ አለመገኘቱም እኮ ራሱ ግኝት ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አይዘንጋ። መርዝነት ያለው ነገር፣ የመስመር ኤሌክትሪክና ቢልሃርዝያ ያለበት ውሃ ለጀማሪ ተማሪ ሙከራ አይሆኑም። እሳት የሚያስፈልግ እንደሆነ መምህሩ ከአጠገቡ አይራቅ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የእኛው የመምህራኑ ፈንታ ነው፤ ይኸውም ዝም ማለት። ተማሪ ሲያመነታ መልሱን ብድግ አድርገን መስጠት ይቀናናል። ጥያቄውንም መልሱንም ከሰጠነው ሥራው የእኛ ሆነ፤ ልጁ ጠረጴዛ ጠባቂ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ «በምን ታውቃለህ? በምንስ ትለካዋለህ?» እያልን መንገዱን ብቻ እናሳየው።

አርባ ፍሬ ባቄላ አንድ እፍኝ አይሞላም፤ ሣሕንና ቁራጭ ጨርቅም ከማንም ቤት አይጠፋም። የመምህሩ ሚዛን የዕቃው ውበት መሆኑ ቀርቶ የጥያቄው ጥራት ከሆነ፣ ዳር የቆመው ልጅ ከሌሎቹ እኩል ይጀምራል። ለማስተማር ልምምድ የምንወጣ እጩ መምህራን ሁሉ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በጥያቄ ለቀማ እንጀምር።