አንድ ፓኬት፣ አንድ ሊትር፦ ስለ ኦ.አር.ኤስ

ኦ.አር.ኤስ በተቅማጥና በትውከት ከሰውነት የሚወጣውን ውሃና ጨው ለመተካት በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት ሲሆን፣ በአንድ ፓኬት ውስጥ የሚገኙት አራት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ግሉኮስ የሚባለው ቀላል የስኳር ዓይነት 13.5 ግራም፣ ተራ የገበታ ጨው 2.6 ግራም፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 1.5 ግራም፣ እንዲሁም በተቅማጥ ምክንያት የሚጨምረውን የደም አሲድነት የሚያስተካክለው ሲትሬት 2.9 ግራም ናቸው። ዋጋው አነስተኛ፣ መልኩም ተራ በመሆኑ ብዙ ቤተሰብ እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም፤ ልጁ መጠጣት እየቻለ እንኳ በተለምዶ «ግሉኮስ» የሚባለው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ካልተሰካለት በቀር ታክሟል ብሎ የማያምን ወላጅ ጥቂት አይደለም።

ይህ ንቀት ከዱቄቱ በስተጀርባ ያለውን ዕውቀት ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ተቅማጥ የያዘው ሰው ባዶ ውሃ ቢጠጣ፣ ወይም ውሃን በጨው ብቻ በጥብጦ ቢጠጣ፣ የታመመው አንጀት አብዛኛውን ሳይቀበለው ያልፋል። ነገር ግን በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ አንድ የግሉኮስ ሞለኪውልን ከሁለት የሶዲየም ቅንጣቶች ጋር አጣምሮ የሚያስገባ መተላለፊያ አለ፤ ሁለቱ ሲገቡም ውሃው ተከትሏቸው ይገባል። ሮበርት ክሬን የተባለው ተመራማሪ ይህን ጥምረት በ1960 እ.ኤ.አ. በፕራግ በተደረገ ጉባኤ ያስረዳ ሲሆን፣ ለሕክምና ትልቅ ትርጉም የሰጠው ግን ይህ መተላለፊያ ኮሌራ አንጀትን ባወከ ጊዜ እንኳ ሥራውን የማያቋርጥ መሆኑ ነው። ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ በ1968 በዳካ የኮሌራ ሕሙማንን በአፍ በሚሰጥ ፈሳሽ ማከም እንደሚቻል አሳዩ፤ በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ወቅት ደግሞ ዲሊፕ ማሃላናቢስ በቦንጋዎን የስደተኞች መጠለያ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ባለቀበት ጊዜ ጨውና ስኳር በበርሜል አስበጥብጦ፣ አጠጪዎቹም የሕሙማኑ ቤተሰቦች እንዲሆኑ በማድረጉ፣ 30 በመቶ ገደማ የነበረው የሞት መጠን ከ4 በመቶ በታች ወረደ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የዱቄቱ ፈዋሽነት የሚወሰነው ማንም ሊቅ በሌለበት በወጥ ቤት፣ በአንድ ነገር ነው፤ እርሱም የውሃው ልክ ነው። አንድ ፓኬት ለአንድ ሊትር ውሃ ተመጥኖ የተሠራ ሲሆን፣ በዚህ ልክ ሲበጠበጥ በሊትር 75 ሚሊሞል ሶዲየም ይኖረዋል። «ልጁ አንድ ሊትር አይጨርስም» በሚል ሰበብ ሙሉው ፓኬት በአንድ ብርጭቆ፣ ማለትም በሩብ ሊትር ገደማ ውሃ የተበጠበጠ እንደሆነ ግን ሶዲየሙ ወደ 300 ይደርሳል፤ ይህም በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ከሚገኘው ከእጥፍ በላይ በመሆኑ፣ ውሃን ወደ ሰውነት በማስገባት ፈንታ ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፣ የልጁንም ደም አደገኛ በሆነ መጠን ጨዋማ ሊያደርግ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2002 የቀድሞውን ቀመር አቅጥነው በውስጡ የሟሙትን ነገሮች ሁሉ አጠቃላይ ጥግግት በሊትር ከ311 ወደ 245 ሚሊኦስሞል ያወረዱት፣ ቀጠን ያለው ፈሳሽ ተቅማጡንም ትውከቱንም እንደሚቀንስ ስለተረጋገጠ ነበር፤ ሊቃውንት በዚህ መጠን የተጨነቁበትን ልዩነት በግምት የሚያፈርስ እጅ ሊወቀስ ይገባዋል። ፓኬቱን ከፍሎ ግማሹን ለነገ ማስቀመጥም ትክክል አይደለም፤ የተከፈተ ዱቄት እርጥበት ስቦ ይጓጉላልና። የሚሻለው አንድ ሊትሩን በሙሉ በጥብጦ፣ ከድኖ አስቀምጦ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀውን መድፋት ነው።

ለልክ የሚሆን ዕቃ ከየቤቱ አይጠፋም። አንድ ሊትር የሚይዘው ሃይላንድ አንድ ጊዜ፣ ግማሽ ሊትሩ ደግሞ ሁለት ጊዜ ቢሞላ ልኩን ይሰጣል፤ የሁለት ሊትሩን «ግማሽ» በዓይን መገመት ግን አያስተማምንም። ውሃው አስቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ የታከመ ይሁን፤ ዱቄቱ ከገባበት በኋላ ማፍላት አይገባም። «እንዲጣፍጠው» ተብሎ ስኳር መጨመርም የጥምረቱን ሚዛን ያፈርሳል። በትክክል የተበጠበጠው ፈሳሽ ሲቀመስ ከእንባ የበለጠ ጨዋማ ሊሆን አይገባውም። የለስላሳ መጠጥ ነገርማ ባይነሳ ይሻል ነበር፤ በሊትር 100 ግራም ያህል ስኳር ስላለው የኦ.አር.ኤስን ግሉኮስ ከሰባት እጥፍ በላይ ይበልጣል፣ ሶዲየሙ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ለታመመ ልጅ ተብሎ ከሱቅ የሚገዛው እርሱ ነው።

ልክን ማስተማር ከባድ ቢሆንም የሚቻል መሆኑን የባንግላዴሹ ብራክ አሳይቷል። ይህ ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ሴት ሠራተኞችን ከ12 ሚሊዮን በላይ ወደሆኑ ቤቶች ልኮ፣ በሦስት ጣት የሚቆነጠር ጨውንና አንድ ጭብጥ ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳርን በግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ መበጥበጥን እናቶችን ያስተማረ ሲሆን፣ የአስተማሪዎቹ ክፍያ የሚተመነው በጎበኙት ቤት ቁጥር ሳይሆን እናቶቹ ከጊዜ በኋላ ትምህርቱን ምን ያህል አስታውሰው እንደተገኙ እየታየ ነበር፤ እናቶቹ የበጠበጡትም ናሙና በቤተ ሙከራ ይመረመር ነበር። ትምህርትን በተማሪው እጅ ሥራ የመመዘን ይህ ዘዴ ለብዙ የጤና ዘመቻ የሚጎድለው ነው።

አጠጣጡ አጭር ነገር ነው። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ወይም በኩባያ ይሰጣል፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ በዝግታ መቀጠል ነው። ጡትም ምግብም አይቋረጥም። ሰገራው ደም ካለው፣ ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ ወይም ዓይኑ ከሰረጎደ ግን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።

ኦ.አር.ኤስ ተቅማጡን ወዲያው አያቆምም፤ ሥራው ተቅማጡ እስኪያልፍ ሰውነት እንዳይደርቅ መጠበቅ ነው። ይህን ያልተረዳ ቤተሰብ በሁለተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ይተወውና ለተቅማጡ ሌላ ምክንያት ይፈልግለታል፤ በአንዳንድ አካባቢ «ግግ» ነው ተብሎ የሕፃኑ ድድ በስለት የሚወጋው እንዲህ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በድርቀት ላይ መድማትና መመረዝ ይጨመርበታል። የተቅማጡን ዕድሜ በእርግጥ የሚያሳጥረው ዚንክ ነው፤ ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ለሆነ 10 ሚሊ ግራም ከ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጥ ሲሆን፣ በቀጣዮቹ ወራትም ተቅማጥ እንዳይመላለስ ስለሚያግዝ፣ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆም እንኳ የቀሩት እንክብሎች መሰጠት አለባቸው።